ለነጯ አይጥ የለመንሁት ጭድ

ጎረቤታችን ጭድ አልሰጥም ብሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ራሱ ጠርቶ "ና ውሰድ" አለኝ። ከዚህ ልጀምር ብዬ ነበር። ግን ስለ አይጦቹ ሳልናገር የጭዱ ነገር አይገባም።

አይጦቹ የታላቅ ወንድሜ ነበሩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ ፈቶ ሳለ፣ የቀን ሠራተኞችን የሚጥለውን የካላዛር በሽታ ሊያጠኑ ወደ መተማ የመጡ ሐኪሞች ቀጠሩት። ሥራው የላቦራቶሪ ነጫጭ አይጦችን መቀለብና ሳጥናቸውን ማጽዳት ነበር። ኋላ መንገዱ አስጊ ሲሆን ሐኪሞቹ እንመለሳለን ብለው ወጡ። እሱም አንድ ወንድና አንዲት ሴት አይጥ ሽቦ በተመታ የጣውላ ሳጥን ይዞ እቤት ገባ።

"ሰው አይጥ ከቤቱ ያስወጣል፤ አንተ ታስገባለህ?" አለችው እናታችን።

"እማ፣ እነዚህ እኮ ደመወዜ ናቸው" አላት። "ሐኪሞቹ ሲመለሱ አይጥ ያለው ሰው ሥራ አለው።"

ብዙም ሳይቆይ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። "ዘራቸው እንዳይጠፋ። ስመለስ ልጆቻቸውን ታሳየኛለህ" አለኝ። እናታችንን ጠብቅ ይለኛል ብዬ ነበር። ስለ አይጦቹ ብቻ ተናገረ። አሁን ሳስበው፣ መመለሱን እርግጠኛ ስለነበር ይመስለኛል።

ከእሱ የተማርሁት ዋናው ነገር የሚተኙበት ነው። እህል ከየትም ይገኛል። የምትወልድ አይጥ ግን ደረቅ፣ አቧራ የሌለው፣ በአፏ እየጎተተች ጎጆ የምትሠራበት ነገር ትፈልጋለች። ልጆቿ ጠጉር የላቸውም። ቀይ ናቸው፤ ከቆዳቸው ሥር የጠቡት ወተት ይታያል። መጀመሪያ ሳያቸው ደንግጬ እጄን ሰብስቤያለሁ።

በእኛ አገር የሞላው የሰሊጥ ገለባ ነው። አቧራው ያስነጥሳቸዋል፤ ጫፉም ይወጋል። ጥጥ ለስላሳ ነው፣ ወንድሜ ግን "እንዳትሞክረው" ብሎኛል። ክሩ በአራስ ልጅ እግር ላይ ይጠመጠምና እግሩ ጠቁሮ ይወድቃል። ከአናጺው ሰጋቱራ አመጣሁ፤ ሽታው እኔን ራሴን ያስለኝ ነበር። ጋዜጣ ቀድጄ ላነጥፍ ስል ደግሞ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"አንተ! ፎቶው የማን እንደሆነ አይተሃል? የቀበሌ ሰው ቢገባ አይጥ ሸናችበት ብለህ ልትነግረው ነው?"

ጋዜጣውን ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ በሰሊጥ ገለባ ላይ ተወለዱ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርሁ። እናቴ ሳጥኑን ብታይ ገለባው ርሷል፣ ይሸታል። አዘነች። "አራስ እንዲህ አትተኛም" ብላ ሁሉንም ጠራርጋ አወጣችና አዲስ አነጠፈችላት። ልጆቹንም አንድ በአንድ አንስታ መልሳ አስተኛቻቸው። ለሰው አራስ የሚደረገውን ነው ያደረገችው። አይጧ ግን የገዛ ሽታዋን አጣች። ስመጣ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"በላቻቸው" አለችኝ። "የገዛ ልጆቿን። እያየኋት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሳጥኑ አትቀርብም ነበር።

በኋላ ወንዱ በሙቀቱ ሞተ። ሴቷ ግን አርግዛ ነበር፤ እሷም አርጅታለች። የምትወልዳቸው ካልዳኑ ሌላ የለም፣ ወንድሜም ሲመለስ የማሳየው የለኝም። እንቅልፍ አጣሁ። የሚሆናት የጤፍ ጭድ ነው። ጭድ ያለው ደግሞ ጎረቤታችን ብቻ ነበር። ቤቱን ሊመርግ ከደጋ በጆንያ አስመጥቶ ቆልፎበታል።

"ጋሼ፣ አንድ እፍኝ ብቻ ይስጡኝ" እለዋለሁ።

"ሰው መሬት ላይ እየተኛ አይጥ ፍራሽ ታማርጣለች?" ይለኛል። ሰው ካለ ደግሞ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። "ንገራት፣ ትራስም ትፈልግ እንደሆን!"

ሰዉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፣ ምን ላድርግ።

ያን ቀን የጠራኝ እንግዲህ ይኼ ሰው ነው። ጆንያውን ፈትቶ "የፈለግኸውን ያህል ውሰድ" አለኝ። አልቀለደም። ቀና ብሎም አላየኝ። "እናትህ እህል ቀምሳለች?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልሁት። ደስ ብሎኝ ሌላውን ነገር ልብ አላልሁም። ጭዱን በወንፊት ነፍቼ፣ አቧራውን አራግፌ፣ ለአይጧ ጥግ ላይ ከመርሁላት። ወዲያው መጎተት ጀመረች። ስትሠራ አይቼ ጨርቅ ሸፈንሁባት።

ማለዳ በጭድ ኮሽታ ነቃሁ። የአይጧ መስሎኝ ነበር። ግን ከውጭ ነው። ወጣሁ። ጎረቤታችንና ሌላ ሰው ራኩባችን ሥር፣ በአገዳ የተከደነው ጥላ ሥር፣ ጭዱን በጆንያ በጆንያ እያፈሰሱ በእግራቸው ይበትናሉ። ያ ሁሉ ጭድ።

"ጋሼ" አልሁት፣ "ይኼ ሁሉ እኮ ለአይጧ ይበዛል።"

ጎረቤታችን በነጠላው ፊቱን ሸፈነ። አሁንም አልገባኝም። ከዚያ የአጥሩ በር ተከፈተና ሽማግሌዎቹ ገቡ። ከኋላቸው ደንቢያ የሚኖረው አጎታችን ነበር። እሱ በዚያ ሰዓት መተማ ምን ያደርጋል? ያን ጊዜ ገባኝ። ሰፈሩ ከእኛ ቀድሞ ሰምቷል። ዘመድ እስኪደርስ የወንድሜን መርዶ ይዘው ነው ያደሩት። ጭዱ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ነው።

እናቴ ስትጮህ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ተቆራርጦብኛል። ሰው ሞላ። ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ መውጣት ጀመረ። እናቴን መሬት አስቀመጧት። አንዲት ሴት የአይጧን ሳጥን ብድግ አድርጋ "ይኼን ወዲያ ጣሉት፣ ይሸታል" ስትል ሰማሁ።

"አስቀምጪው" አለች እናቴ።

ድምጿ ከጩኸት ብዛት ጠፍቶ ነበር። ሴትዮዋ ቆማ አየቻት።

"ወልዳለች። ጭዱን እንዳትነኩባት። አትግለጧት።"

ሴትዮዋ ሳጥኑን ቀስ አድርጋ ቦታው መለሰች። እናቴ መውለዷን በምን አወቀች? እኔ እንኳ አላየሁም ነበር። አልጠየቅኋትም። እስከ ዛሬም አልጠየቅኋትም።

ለቅሶው ሲያበቃ ጎረቤታችን ጭዱን ጠርጎ ወሰደና ቤቱን መረገበት። ግድግዳው ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ጭዱ ያብለጨልጫል። በዚያ በኩል ሳልፍ ቶሎ እራመዳለሁ።

አይጧ አልበላቻቸውም። ጠጉር አበቀሉ፣ ነጭ። አንድ ጠዋት ጨርቁን ገለጥ ሳደርግ ዓይናቸው ተከፍቷል። ለወንድሜ ልናገር ብድግ አልሁ። በሩ ድረስ ሄድሁ። እዚያ ቆምሁ።