አዴ ዱሬቲ እና በመስታወት ውስጥ ያለው ሲንቄ

አዴ ዱሬቲ ሞቱ ተባለ። ወሬው ከአቦምሳ አዳማ የገባው ከሽንኩርት ጋር በአንድ መኪና ነው። ሽንኩርቱ መንገድ ላይ ሲጠወልግ ወሬው ግን እየወፈረ መጣ። ከአቦምሳ ሲነሳ "ደጃቸው ድንኳን ተተክሏል" ብቻ ነበር። መናኸሪያ ሲደርስ "ለካ ታመው ነበር" ተጨመረበት። እኛ ሰፈር ሲገባ ቀብሩ ላይ ቆሞ ያለቀሰ ሰው ሁሉ ተገኘለት፤ ያ ሰው አቦምሳን በካርታም አይቷት አያውቅም።

አዴ ዱሬቲ አልሞቱም። ድንኳኑ ግን እውነት ነው። የሞተችው ልጃቸው ዋፊቃ ናት፤ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። እሷም አንዲት ልጅ፣ ሃፍሳን፣ ትታ ሄደች። ወሬ የሚያመላልስ ሰው ድንኳን ሲያይ መኪናው ስለሚያመልጠው ወርዶ "ማን ሞተ?" ብሎ አይጠይቅም። ከቤቱ አሮጊቷን ይመርጥና መንገዱን ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር፤ አዳማ ያለች አንዲት ትንሽ ሙዚየም ባትሰማው ኖሮ።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የሙዚየሟ አስጎብኚ ወይዘሮ ዘርፉ ዕቃ ስታሰባስብ አቦምሳ ድረስ ሄዳ አዴ ዱሬቲ ቤት ወተት ጠጣች፤ ስትወጣም ሲንቄያቸውን ይዛ ወጣች። ሲንቄ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር ነው። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን ትሰጣታለች፤ ሴቲቱ እሱን ይዛ በተጣሉ ሰዎች መሀል ከቆመች እጅ የሚያነሳ የለም። አዴ ዱሬቲ በዚያ በትር ሁለት የውሃ ጠብና አንድ የወንድማማቾች የድንበር ጠብ አብርደዋል። የሰጡት በውሰት ነው። "ሃፍሳ ስታገባ እወስደዋለሁ" አሉ፤ ዘርፉም በቃሏም በወረቀትም ተስማማች። ወረቀቱ ላይ ተጠሪ የሚል መስመር ነበር፤ አዴ ዱሬቲ ዋፊቃን አስጻፉ።

ባለፈው ዓመት ሙዚየሟ ዘመናዊ ሆነች። ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች እያንዳንዱ ዕቃ ሥር በስልክ የሚነበብ ምልክት ለጠፉ። ጎብኚው ስልኩን ያስጠጋል፣ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ይከታል፣ የዘርፉ ድምፅ ያወራለታል። ለስብሰባ አዳማ የመጣውም፣ ወደ ላንጋኖ የሚያልፈው ፈረንጅም ወደደው። እኔም ወድጄው ነበር። የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ጓዳ ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅለው የዘርፉን ድምፅ ሁለት ቀን ቀዱ።

ያ ወሬ አዳማ የገባው በዚያው ሳምንት ነው። ዘርፉ ደግሞ ደህና ያደገች ሰው ናት፤ የሞተን ሰው ስም በባዶው አትጠራም። ሲንቄው ጋ ስትደርስ "የሲንቄው ባለቤት ዱሬቲ፣ ነፍሳቸውን ይማርና" አለች። እስላሟን አዴ በክርስቲያን ምርቃት ሸኘቻቸው። መዝጋቢው ሰይፈሚካኤል ቅጂውን እያዳመጠ ኮምፒውተሩን ሲሞላ፣ የባለቤት ሁኔታ የሚለው ቦታ ላይ ሟች ብሎ መረጠ። ሥራውን ጠንቅቆ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ጉዳቱም እሱ ነው።

የሃፍሳ ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አዴ ዱሬቲ በጠዋቱ መኪና መጡ። ዘርፉ በሩ ላይ ስታያቸው የያዘችው ቁልፍ ወደቀ።

"አዴ... እርስዎ ነዎት?"

"አካም ጅርታ፣ ዘርፉ። ምነው፣ የበላሁብሽ ነገር አለ?"

"የለም፣ የለም። ይግቡ።"

ሲገቡ ሦስት ጎብኚዎች ሲንቄው ፊት ማዳመጫ ሰክተው ቆመዋል። ከአንዱ ስልክ ድምፁ በደንብ ይሰማል። አዴ ዱሬቲ ስለራሳቸው ሲወራ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ። ሲጨርስ "ጥሩ ሴት ነበርኩ ለካ" አሉ።

ዘርፉ እጃቸውን ይዛ ሰይፈሚካኤል ዘንድ አስገባቻቸው። እሱም ተነስቶ ወንበር ሰጣቸው፣ ሻይ አዘዘላቸው፤ ያላደረገው የተጠየቀውን፣ ሲንቄውን መመለስ፣ ብቻ ነው።

"እማማ፣ እኔ አይቼዎታለሁ። ሲስተሙ ግን አላየዎትም።"

"አሳየዋ ታዲያ።"

"ሟች የሚለውን እኔ መምረጥ እችላለሁ፤ ማንሳት ግን አልችልም። የሚያነሱት የሠሩት ልጆች ናቸው፤ ውላቸው አልቋል። የቀበሌ ማስረጃ ያምጡና እንሞክር።"

"ቁልፉ እሷ እጅ ነው አይደል? ትክፈተውና ልሂድ።"

ዘርፉ አንገቷን ደፋች። "የእኔ ቁልፍ የበሩ ነው፣ አዴ። መስታወቱ አሁን የሚከፈተው በኮምፒውተር ነው።"

አቦምሳ ቀበሌ ሲሄዱ ሊቀመንበሩ ዱጋሳ ስቆ ስቆ ሲያበቃ ማኅተም መታላቸው። "አዴ፣ ለጡረታ እንኳን ያልጻፍኩትን ለበትር ጻፍኩልዎት" አላቸው። ወይዘሮ ዱሬቲ በሕይወት ያሉ መሆናቸውን እናረጋግጣለን የሚል ወረቀት ነው። አገሩ ሁሉ "አዲስ በትር ቁረጡላት፣ እንጨት ሞልቷል" ይላቸዋል። ዋፊቃ ግን ከመሞቷ በፊት አልጋ ላይ ሆና "ለልጄ ሌላ ሳይሆን የአንቺን ስጪልኝ" ብላቸዋለች፤ ይህን የሚያውቁት ደግሞ እሳቸውና ሃፍሳ ብቻ ናቸው።

ይህን ጊዜ ዘርፉ አዲስ ሥራ ጀምራለች። ሲንቄው አጠገብ ወንበሯን አድርጋ ለሚመጣው ሁሉ "አልሞቱም፣ በሕይወት አሉ" ትላለች። ጎብኚዎቹ ጆሯቸው ተደፍኗል፤ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቁላታል። ዘርፉ በአፏ ስታስነሳቸው በስልኩ ያለችው ዘርፉ ትቀብራቸዋለች። አንድ ቀን ምልክቱን በፕላስተር ሸፈነችው፤ በማግስቱ አለቆች "ጎብኚ ቀነሰ" ብለው ፕላስተሩን አስነሷት።

አዴ ዱሬቲ ማስረጃውን ይዘው የተመለሱት ሠርጉ እሁድ ሊሆን ዓርብ ዕለት ነው። በፌስታል ጠቅልለውታል፣ እንዳይታጠፍ። ሰይፈሚካኤል አነበበው፤ አስገባው። ትንሽ ጠበቀና ፊቱን አዞረ።

"አልተቀበለም፣ እማማ። ለሟች ማስረጃ ማያያዣ ቦታ የለውም።"

ዘርፉ ከበሩ ላይ "ሌላ መንገድ ፈልግላቸው እንጂ፣ ሰይፌ" አለችው።

"አንድ መንገድ አለ። ባለቤት ከሞተ ተጠሪው ይረከባል ይላል። ተጠሪዋ ቀርባ ከፈረመች መስታወቱ አሁኑኑ ይከፈታል።" ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብሎ አነበበ። "ዋፊቃ ይላል።"

ዘርፉ ዓይኗን ጨፈነች።

"ዋፊቃ ናት የሞተችው" አሉ አዴ ዱሬቲ ቀስ ብለው።

ሰይፈሚካኤል ይህን አልሰማም ነበር። ቀላ። መስመሩን ደግሞ አነበበ። "ይቅርታ፣ እማማ። እዚህ... እዚህ በሕይወት አለች ነው የሚለው።"

አዴ ዱሬቲ ወረቀታቸውን መልሰው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱ፣ ተነሱ፣ ዞረው ከኮምፒውተሩ ፊት ቆሙ። ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን ዘርግተው የትኛው መስመር እንደሆነ ጠየቁ፤ ልጁ አሳያቸው። መስመሩን በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት።

"እንግዲያው ለእሁዱ ሠርግ እሷን ጥሩልኛ" አሉ።