ኔስታ የቀረችበት ማዕድ

ኤለሪ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ ሙታንን መቁጠር ሆኗል። በካርዲገን የባሕር ጠረፍ ያሉትን የመቃብር ድንጋዮች አንድ ሳይቀራት አነበበች። ሰው በአባቱ ስም ሳይሆን በእርሻው በሚጠራበት በዚያ አገር፣ የራሷን የፔንግራይግ ቤተሰብ እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥራለች። አልገጥም ያላት የራሷ ልደት ብቻ ነው። ብታሰላው ብታሰላው፣ እናቷ እሷን ስትወልድ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነበር።

መልሱ ያለው በጸሎት ቤቱ መዝገብ ውስጥ ነው። ጸሎት ቤቱ ደግሞ ሊዘጋ ነው፤ መዝገቡን ነገ ወደ ከተማ ወስደው ለሰማንያ ዓመት ያሽጉታል። ኤለሪ ስድሳ አራት ዓመቷ ነው። ዛሬ ካላየችው መቼም አታየውም።

ቁልፉ ያለው ታላቅ እህቷ ኔስታ ዘንድ ነው። ኔስታ ዕድሜዋን ሙሉ ጸሎት ቤቱን ስትጠርግ ኖራለች፤ የጌታ እራት በሚቀርብበት እሑድ ግን ከኋላ ወንበር ተነሥታ ውልቅ ትላለች። ሰዉ ትሕትና ነው ይላል።

«እትዬ ኔስታ፣ ቁልፉን ስጪኝ።»

«ፖስታ ቤት ሳለሽ የሰው ደብዳቤ ስታገላብጪ የኖርሽው አልበቃሽም? ሙታኑን ተያቸው!»

«ዛሬ በቀልድ አትሸውጂኝም።»

ኔስታ የምታጥበው ሲኒ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። ስብርባሪውን እንኳ አላነሣችም። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ካፖርቷን ለበሰች። «ብቻሽንማ አታነቢውም» አለች።

ጸሎት ቤቱ እንደ ጉድጓድ ይበርዳል። ኤለሪ የተወለደችበትን ዓመት ገለጠች። «ኔስታ፣ የፔንግራይግ፣ ዕድሜ አሥራ ስምንት። ሳታገባ በመውለዷ ከማኅበሩና ከጌታ እራት ተወገደች።» የልጁ አባት ማን እንደሆነ መዝገቡ አይልም፤ የጻፉት ወንዶች ናቸውና።

«ስድሳ አራት ዓመት!» ብላ ጮኸች ኤለሪ። «ስድሳ አራት ዓመት እህቴ ነሽ ስል!»

«እማማ የኔ ናት ብላ አሳደገችሽ። እኔም አፌን ዘጋሁ።»

ኤለሪ እንባዋን እየጠረገች ገጹን ዳግመኛ አየች። ከሌሎቹ ከተወገዱት ሴቶች ሁሉ ስም አጠገብ የተመለሱበት ቀን ተጽፏል። የኔስታ ቦታ ባዶ ነው።

«አንቺስ ለምን አልተመለስሽም?»

«ደንቡን ታውቂዋለሽ። በጉባኤው ፊት ቆመሽ ተጸጽቻለሁ ማለት አለብሽ።» ኔስታ ከኋላው ወንበር ላይ፣ ከዚያው ከድሮ ቦታዋ፣ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺን ወልጄ ነው ተጸጽቻለሁ የምለው?»