ሻለቃ ከመቆሚያው የወደቀ ጊዜ

ዝናቡ ሳይታሰብ ስለወረደ መንገድ ላይ የነበርን ሁሉ በያገኘነው ጣሪያ ስር ገባን። ለእኔ የደረሰኝ የአንድ የተዘጋ ፋርማሲ በረንዳ ነበር። ቀድመውኝ የተጠለሉ አንድ ሽማግሌ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ በአንሶላ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ጉልበታቸው ላይ አቅፈዋል። ውሃውን ከትከሻዬ ሳራግፍ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ጭንቅ ባለው አነጋገር «ምን ሆንሽ?» አለኝ።

ዞር አልኩ። የሽማግሌው ከንፈር አልተንቀሳቀሰም።

«እሱ ነው፤ ይቅርታ» አሉኝ አንሶላውን በአገጫቸው እየጠቆሙ። «ሴት ወንድ አይለይም። ያገኘውን ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው።»

«ምንም አልሆነም በሉልኝ።»

«ራስህ ንገረው። እኔን ማመን ትቷል።»

የአንሶላውን ጠርዝ ገለጥ አደረጉልኝ። በሽቦ ቤት ውስጥ አመድ የመሰለ፣ ጅራቱ ብቻ የቀላ በቀቀን አንገቱን ዘመም አድርጎ በአንድ ዓይኑ መረመረኝ። ደረቱን ነፍቶ ስለሚቆም ስሙ ሻለቃ ነው። እሳቸውን ደግሞ የሰፈሩ ሰው ጋሽ ሞገድ ይላቸዋል፤ ዕድሜያቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ከመንገዱ ማዶ ካለው ክሊኒክ በር ላይ አላነሱም።

«ልጄ እዚያ ውስጥ ናት። የደም ውጤት ልትቀበል ገብታ» አሉኝ። «ወፍ ይዤ አልገባም ብዬ እዚህ ቀረሁ። እውነቱን ልንገርህና፣ ፈርቼ ነው።»

«ምን አግኝቷት ነው?»

«እሷን ምንም። የታመመው እሱ ነው።»

ዝናቡ የሚያባራ አይመስልም። እኔም ወሬ ካገኘሁ አልቸኩልም። ደረጃው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሱቃቸው ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች፣ የመበየጃው ብረት፣ የሚቀልጠው ሽቦ ጥቅልል። በመንገዱ በኩል ትልቅ የመስኮት መስታወት አለ፤ መኖሪያቸው ከላይ ፎቁ ላይ ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ደንበኛ የምትቀበለው ልጃቸው ናት። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ካረገዘች በኋላም ብቻዬን ከምቆዝም ብላ ከአባቷ አጠገብ ወንበሯን አልለቀቀችም። ሻለቃ የሚውለው መስታወቱ ስር ነው። የብየዳው ጭስ እንዳይደርስበት፣ ፀሐይም እንዲያገኝ ብለው እዚያ ያኖሩት ጋሽ ሞገድ ራሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ያዩት መንሸራተት ነበር። ሻለቃ በመቆሚያ እንጨቱ ላይ ሲራመድ እግሩ ይስት ጀመር። ልጃቸው «ሻለቃ ዛሬም ጠጥቶ ነው የመጣው» እያለች ትስቅበት ነበር። ቀጥሎ ክንፉ ያለ ምክንያት ይርገበገብ ጀመር። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሞገድ አጎንብሰው ሲበይዱ ከኋላቸው አንድ ነገር ወደቀ።

«እርጥብ ፎጣ መሬት ሲወድቅ እንዴት ይላል? እንደዚያ። ዞር ስል በጀርባው ተንጋሎ፣ ጣቶቹ ተጨማደው፣ ዓይኑ ፈጦ ይንዘፈዘፋል። ልጄ ሮጣ ልታነሳው ስትል እጇን መታሁት። በሕይወቴ መትቻት አላውቅም።»

«ምን አድርጋ?»

እጆቻቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። የጣቶቻቸው ጫፍ በትንንሽ የቃጠሎ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል። ያ የመበየጃ ሽቦ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን አለበት። ድሮ ሥራውን ያስተማሯቸው ሰው ነግረዋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ጤነኛ ሆነው ስላረጁ ረስተውታል። ወፉ ሲወድቅ ትዝ አላቸው። በዚያች ክፍል ውስጥ ከሁሉ የምታንሰው ነፍስ የሻለቃ ነበረች። የለም፣ ከእሱም የምታንስ አንዲት ነበረች፤ ገና ያልተወለደች።

«እሱን የጣለው ነገር ሆዷ ውስጥ ያለውን ምን አድርጎት ይሆን አልኩ። አፍ አውጥቼ መናገር ግን አቃተኝ። ከተናገርኩት እውነት የሚሆን መሰለኝ።»

ስላልተናገሩ ሌላ ነገር አደረጉ፤ ልጃቸውን ከሱቅ ማባረር ጀመሩ። ሂጂ ተኚ፣ ሂጂ አየር ተቀበዪ። በረጅሙ ከተነፈሰች «ምን ሆንሽ?» ራሷን ከዳሰሰች «ምን ሆንሽ?» ሻለቃ ቃሉን ከእሳቸው የቀዳው ያኔ ነው። እሷ ግን የገባት ሌላ ነበር። ወንበሯን ከጠረጴዛው አጠገብ ተነስቶ ደጅ ስታገኘው «አባዬ፣ ሸክም ከሆንኩብህ በግልጽ ንገረኝ። ባሌ እናት ጋ እሄዳለሁ» አለቻቸው። ዝም አሉ። እሷም ዝምታውን እንደ አዎ ቆጠረችው።

ሻለቃ ዳግም ሲወድቅ ግን የሽቦ ቤቱን አንጠልጥላ ወደ እንስሳት ሐኪም የገሰገሰችው እሷው ናት። አባት ከኋላ ከኋላ ተከተሉ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ችኮላ አታውቅም። ወፉን ወዲያው አልያዘችውም። እንዲህ ያለው ከደነገጠ እጄ ላይ ሊንዘፈዘፍ ይችላል ብላ ወንበር ስባ ከሩቅ ስታየው ቆየች። ከዚያ ምን እንደሚበላ ጠየቀች።

«ያልሰጠሁት ነገር የለም» አሉ ጋሽ ሞገድ ቅር ብሏቸው። «ካሮት፣ ጎመን፣ ሩዝ፣ ፍራፍሬ። ከእኔ የተሻለ ይበላል።»

ሐኪሟ ከሽቦ ቤቱ ሥር ያለውን ትሪ ስባ አወጣች። ካሮቱ እንዳለ ነው። ጎመኑ ደርቋል። ሩዙ ተበትኗል። ተፈልፍሎ ገለባው ብቻ የቀረው የሱፍ ፍሬ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የነገሩኝ የሚቀርብለትን ነው። የሚበላውን የነገረኝ ትሪው ነው።»

ልጃቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። «ደንበኛው ሁሉ በእፍኙ ሱፍ ይዞለት ነው የሚመጣው። ሲፈለፍል ማየት ይወዳሉ።»

ሱፍ ቅባቱ ብዙ ነው፤ ካልሲየሙ ግን እዚህ ግባ አይባልም። እንዲህ ያሉ ግራጫ በቀቀኖች ደግሞ የደማቸው ካልሲየም ሲወርድ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይወድቃሉ። ሐኪሟ ይህን ካስረዳች በኋላ ፀሐይ ያገኝ እንደሆነ ጠየቀች። ቀኑን ሙሉ መስታወቱ ስር ነው አሏት። በመስታወት የሚያልፈው ብርሃኑና ሙቀቱ ነው አለች፤ ሰውነቱ ካልሲየሙን እንዲጠቀምበት የሚረዳው ጨረር አብዛኛው እዚያው መስታወቱ ላይ ይቀራል።

«አየህ» አሉኝ ጋሽ ሞገድ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መታ አድርገው፣ «ሰው ጣቢያ አልይዝ አለኝ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ሬዲዮው የት እንደሚቀመጥ ነው። የትኛው ሞገድ ግንብ ያልፋል፣ የትኛው ይቀራል፣ ስበላበት የኖርኩት ይኸንኑ ነው። መስታወትን ግን አላሰብኩትም። በዓይኔ የማየው ሁሉ የሚያልፍ መስሎኝ።»

ቀጥላ ሐኪሟ የፈሩትን ጠየቀች። «ገና ካልሲየም ነው ብዬ አልወስንም። እንዲህ የሚጥል ሌላም ነገር አለ። ቤታችሁ ውስጥ እርሳስ ያለበት ነገር አለ? የሚቀልጥ፣ የሚፋቅ፣ ወፉ የሚነክሰው?»

ጋሽ ሞገድ ጫማቸውን አዩ።

«ኧረ የለም» አለች ልጃቸው። «እኛ ሬዲዮ ነው የምንጠግነው። አባቴ የሚያቀልጠው እንኳ...» ብላ አቋረጠችው። ወደ አባቷ ዞረች። የተመታው እጇ፣ ደጅ የወጣው ወንበሯ፣ ያ ሁሉ ምን ሆንሽ አንድ ላይ መጣባት። መዳፏ ሳታዝዘው ሆዷ ላይ አረፈ።

«ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር።»

«እኔ እኮ ሰልችቼህ መስሎኝ ነበር» አለቻቸው።

ሐኪሟ ወፉን በፎጣ ጠቅልላ ከአንገቱ ጥቂት ደም ቀዳች፤ ራጅም አነሳችው። ጨጓራው ውስጥ ብረት የሚመስል ነገር አልታየም። የካልሲየሙ ልክ እዚያው ታወቀ፤ በጣም ወርዶ ነበር። መርፌ ወጋችው፣ ጠብታ አዘዘችለት፤ ሱፉን ቀስ በቀስ እንዲቀንሱ፣ ሙቀት ሲኖር ከመስታወቱ ውጭ እንዲያወጡት ነገረቻቸው። የእርሳሱ ምርመራ ግን ሌላ ቦታ ስለሚላክ መጠበቅ ነበረባቸው። «አንዱን አገኘን ማለት ሌላው የለም ማለት አይደለም» አለቻቸው።

ስለዚያ መጠበቅ ሲያወሩኝ ድምፃቸው ወረደ። ሱቁን ዘጉ። ጠረጴዛውን፣ ወለሉን፣ የሬዲዮዎቹን ጀርባ ሳይቀር በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ። የሥራ ልብሳቸውን ለብቻ አጠቡ። ሻለቃ በማግስቱ እንጨቱን ጨብጦ ደረቱን ነፋ፤ ልጃቸው አጨበጨበችለት፤ እሳቸው ግን የሚያዩት እሷን ነበር፤ ጣቷ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ ደረጃ ስትወጣ እግሯ ይስት እንደሆነ።

የወፉ ውጤት የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው። እርሳስ አልተገኘበትም። ጋሽ ሞገድ የሐኪሟን እጅ ይዘው አልለቅም ቢሉ «ጋሼ፣ የሻለቃ ደም የሚመሰክረው ለሻለቃ ነው። ልጅዎ የራሷን ትመርመር ብያችሁ ነበር» አለቻቸው።

ተመርምራለች። ውጤቱ መንገዱ ማዶ ነው።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ የክሊኒኩ በር ተከፈተ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ጃንጥላ ዘርግታ ወጣች። ኩሬውን እየዞረች፣ መኪና እያሳለፈች፣ ቀስ ብላ ትመጣለች። ጃንጥላው ፊቷን ሸፍኖታል። ጋሽ ሞገድ የሽቦ ቤቱን ደረጃው ላይ አስቀምጠው ተነሱ። እኔም፣ ዘመድ ሳልሆን፣ አብሬያቸው ተነሳሁ።

በረንዳው ላይ ስትወጣ ከአባቷ ቀድሞ የጠየቃት ሻለቃ ነው።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አለችው እያለከለከች። «አባዬ፣ አንተ መጀመሪያ ቁጭ በል። ደሜ ውስጥ ያለው እርሳስ በጣም ትንሽ ነው፤ አያሰጋም ብለውኛል። ግን እስክወልድ ሱቅ አልገባም፤ አንተም ልብስህን ሳትቀይር ፎቅ አትወጣም። ለእኔም ካልሲየም አዘዙልኝ። ከሻለቃ ጋር እኩል ሆንን።»

ተቀመጡ። በወፉ አንሶላ ጠርዝ ፊታቸውን ጠረጉ፤ ዝናብ ነው እንዳልል በረንዳው ደረቅ ነበር።

«ወንበሬ ደጅ ይቆይ ማለት ነው» አለቻቸው።

«ይቆይ። ከሻለቃ አጠገብ፣ ፀሐዩ ላይ።»

ዝናቡ እየሳሳ መጣ። የሽቦ ቤቱን አንስቼ ለጋሽ ሞገድ ሳቀብላቸው ወፉ ይህን ጥያቄ የሚተወው መቼ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ልጃቸው ጃንጥላውን ዘርግታ ደረጃውን መውረድ ጀምራ ነበር፤ እሳቸው እግሯ የምታሳርፍበትን እያንዳንዱን ቦታ እያዩ መለሱልኝ።

«ሐኪሟ፣ ቤት ውስጥ መስማት ካቆመ ይረሳዋል ብላኛለች። እሱ ቢረሳው እንኳ እኔ አስታውሰዋለሁ።»