ሙሾ ያጣሁለት ሹም

ሙሾ በማውረድ እኔን የሚያህል በማክሰኝት አልነበረም፤ ጉራ አይደለም፣ የምትክድ ካለች ትምጣ። ሟቹ ሰካራምም ይሁን ስስታም፣ የሚወረድለት አንድ ሸጋ ነገር አላጣለትም። ያን ቀን ግን አጣሁ።

የሞተው የወረዳችን ሹም ነው። በጠላት ጊዜ ለጣልያን አደረ፤ አርበኛውን የአክስቴን ልጅ፣ የተደበቀበትን ጠቁሞ ያሰቀለው እሱ ነው። ንጉሡ ሲመለሱ ጉዱ ይፈላል ስንል ጭራሽ ተሾመ። አንበጣ እህሉን በጨረሰበት ዓመት ደግሞ ጎተራውን ከፍቶ አገሩን ያበላው ያው ሰው ነው። እኔም በልቻለሁ፤ አክስቴም በልታለች። እንግዲህ ይህን ሰው ምን ትሉታላችሁ?

ሚስቱ አስጠርታኝ ጀግናው እያልሽ አልቅሽለት አለችኝ። አክስቴ ይህን ስትሰማ፣ እሱን ካወደስሽ ቤቴን እንዳትረግጪ አለች። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ሌላ ቤት የለኝም። እንዳልቀር ደግሞ የበላሁት እህል ያዘኝ።

ለቅሶው ሜዳ ላይ ፈረሱን እየሳቡ፣ ካባውንና ጠመንጃውን ይዘው ይዞራሉ። ካባው ላይ የንጉሡ ኒሻን አለ፤ ጠመንጃው የጣልያን ስጦታ ነው። ሁሉም ሁለቱንም ያያል። ሰው አፍ አፌን ያየኛል። ጀግና ልበል? ባንዳ ልበል? ግራ ገባኝ።

አትመጣም ያልኳት አክስቴ ሰው እየገፋች መጥታ አጠገቤ ቆመች። በእኛ አገር ቀድሞ ለሞተ ዘመድ በአዲሱ ሟች መልእክት ይላካል፤ በሙሾ የምታደርሰው አልቃሿ ናት።

«ለልጄ መልእክት አለኝ፤ በእሱ ላኪልኝ» አለች።

«ምነው? በእሱ?»

«ታዲያ በማን? ልጄን እዚያ የላከው እሱ አይደል። እናትህ ከእጄ እህል በልታለች፣ አትቀየማት ይበልልኝ።»

ወደ ሟቹ ካባ ዞርኩ። እንደምንም አወረድኩት፦

ልጇን ስታገኘው ከሄድክበት አገር፣
እህልህን መብላቷን አንተው ራስህ ንገር።

ሜዳው በለቅሶ ተናጋ። ሚስቱ ምስጋና መስሏት ደረቷን መታች፤ የአክስቴ ልጅ ጓዶች የነበሩት አርበኞችም እርግማን መስሏቸው አለቀሱ። እኔ ራሴ የቱን እንዳወረድኩ አላወቅሁም።

ስንመለስ አክስቴን ይቅር ብለሽው ነው ወይስ ከሰሽው ብዬ ጠየቅኋት። በሯን ከፍታ ግቢ አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አለች። «ልጄ ይፍረደን።»