ግድግዳዬ ላይ የተጻፈብኝ ቃል

ሰቆጣ ገበያ ዳር ጠላ ቤት የከፈትሁት እዚሁ ዋግ ውስጥ ካለችው ከዝቋላ በመጣሁ በዓመቱ ነው። ያደግሁት በአገው ቋንቋችን፣ በኽምጥኛ ነው፤ አማርኛን የለመድሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ከጠጪ ጋር ስነጋገር ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ አደርጋለሁ። ማንም ግድ አልነበረውም፤ ግማሾቹ ደንበኞቼም እንደኔው ናቸው።

ከነሱ መካከል ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበረ። አማርኛው ያማረ ነው። ሲናገር ቤቱ ዝም ይላል፤ እሱም ይህን ያውቃል። አንድ ቀን ጋኑን ከፍቼ ብቀምስ ጠላው እንደወደድሁት ሆኗል፤ ደስ ብሎኝ “ጠላው ደረሰች!” ብዬ ተጣራሁ። ሰውዬው ዋንጫውን አስቀምጦ ተነሣ። ድምፁን አቅጥኖ፣ ወገቡን ይዞ፣ እንደኔ እየተራመደ፣ “ጠላው ደረሰች! እንግዳው ተቀመጠች! ዳኛው ፈረደች!” አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ያገሬ ልጆችም ሳቁ። ይበልጥ ያመመኝ የነሱ ነው።

በዚያ ቢበቃው እተወው ነበር። በሳምንቱ በሬን ሰማያዊ ሳስቀባ የተረፈውን ቀለም አነሣና፣ ግድግዳው ላይ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ “ጠላው ደረሰች” ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ የገባ ሁሉ ሰላምታው እሱ ሆነ። ዋንጫ ሲያነሡ “ደረሰች!” ይባባላሉ። ቤቴን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ በዚያው ቃል ጠይቆ ይመጣል።

ጎረቤቴ “በጭቃ ምረጊው እንጂ፣ ምን አስቀመጠሽ?” አለችኝ።

“ይቀመጥ፤ ባለቤት አለው” አልኋት።

ለሱ ስቀዳ ፊቴን አላጠቁርም ነበር። ሆዴ ውስጥ ግን ቃሉ እንደ ጌሾ ይመራል።

ከጊዜ በኋላ ሰውዬው ጓዳዬ ድረስ መጣ። ሊያገባ አስቧል። የፈለጋት ጤና ጣቢያ የምትሠራ የዝቋላ ልጅ ናት። እሷ እሺ ብላለች፤ አባቷ ግን ገና አልተጠየቁም። አባትየው ደግሞ ለገበያ ሲወጡ የሚያርፉት እኔ ዘንድ ነው። አማርኛቸው ለመሸጥ ለመግዛት ያህል ነው።

“እኅቴ፣ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት እስቲ ላነጋግራቸው። አንቺ ተርጉሚልኝ” አለኝ።

እኅቴ! “እሺ” አልሁት።

በገበያ ቀን ቀትር ላይ አዛውንቱን ከጽሑፉ ፊት ለፊት አስቀመጥኋቸው። ሰውዬው ስለ አክብሮቱ፣ ስለ ዘመዶቹ፣ ስለ ኽምጥኛ ውበት ሳይቀር ተናገረ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምሁ። እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ሲጨርስ በቋንቋችን፣ “አባቴ፣ ያ የሚያዩት የሱ ጽሑፍ ነው” አልኋቸው።

“እስቲ ያንብብልኝ” አሉ።

“ጽሑፍህን አንብብልኝ ብለዋል” አልሁት።

ደነገጠ። “ተይው ባክሽ፣ ጨዋታ ነው።”

“ጨዋታ ነው ይላል” ብዬ ተረጎምሁ።

“እኮ ጨዋታውን ልስማው” አሉ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ። እሳቸውም በዚያች ባለቻቸው አማርኛ፣ “ታዲያ፣ ጠላው ደረሰች። ምን አለበት?” አሉት። ከጥግ አንዱ ሳይታወቀው ሳቀ። አዛውንቱ ወደኔ ዞረው ምን እንዳሳቀው ጠየቁኝ።

ነገርኋቸው። እዚህ ቆሞ እንዴት እንደተራመደ፣ ድምፄን እንዴት እንዳቀጠነ፣ ማን ማን እንደሳቀ፣ ሁሉንም በኽምጥኛ ነገርኋቸው። ሰውዬው አንዴ አፌን፣ አንዴ የሳቸውን ፊት ያያል፤ የምንለው አንድም አይገባው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ቀስ ብዬ ነው የተናገርሁት፤ እንዲረዝምለት።

አዛውንቱ በትራቸውን አነሡ። “ልጄም እንዲህ ነው የምትናገር። እናቷም” አሉት በአማርኛ። ዋንጫቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ልጅቷ ኋላ ራሷ መጣች። ግድግዳውን ቆማ አየችው።

“የሱ እጅ ነው?” አለችኝ።

“ነው።”

“ስናገር ያርመኛል። የፍቅር መስሎኝ ነበር” አለችና ሄደች።

ጋብቻው ቀረ። እኔም ጭቃ አቡክቼ ግድግዳዬን መረግሁ።

ሰውዬው የንስሐ አባቴን አማላጅ ላከ። “ልጄ፣ በቂም የተያዘ ጸሎት አያርግም፤ ታረቂው” አሉኝ።

“አባ፣ ይምጣ፣ ይጠጣ። ከንግዲህ ግን ከኔ አፍ አማርኛ አይሰማም” አልኋቸው። አዝነው ሄዱ።

መጣ። ሰላም ሲለኝ በኽምጥኛ እመልስለታለሁ፤ ሲያዝም በኽምጥኛ። የሰማ ይስቃል፣ የሚተረጉምለት ግን የለም። አንዳንድ ቀን እኮ የምጠይቀው በሠፈሩ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ብቻ ነው። እሱ ግን የሰደብሁት መስሎት ላብ ያጠምቀዋል። ይጠመቅ።