እናቴን በሳይክል ወደ ወግዲ

ልጄ ያሬድ ከደሴ መጥቶ ሰሞኑን ቤታችንን የሳይክል ሱቅ አድርጎት ሰነበተ። ሱቁ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው ታዲያ። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር በኩታበር በኩል ረጅም መንገድ በሳይክል ሊሄዱ ተማክረዋል። አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ሥዕሎቹን በጣቱ እየገፋ፣ “አባዬ፣ ይሄኛው ቦርሳ ውኃ አያስገባም፤ ያኛው ደግሞ ብዙ ይይዛል። የቱ ይሻላል?” ይለኛል። ጎማው ይወፍር ይቅጠን፣ ፍሬኑ የትኛው ይሁን፣ ሁሉንም ይጠይቀኛል፤ መልሴን ግን አይጠብቅም። ጫማም አሳየኝ። ሶሉ ከፔዳሉ ጋር ይቆለፋል አለኝ። “ስትወድቅስ?” ስለው፣ “አብረህ ትወድቃለሃ” ብሎ ሳቀ።

“ለመሆኑ ምን ልትጭንበት ነው?” አልኩት።

“ልብስ፣ ድንኳን፣ ትንሽ ምግብ።”

“እኔ እናቴን ነው የጫንኩበት” ስለው ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀመጠ።

እናቴ አስም ነበረባት። ዳገት ከጀመረች ደረቷ እንደ ወናፍ ይነፋል፤ ሦስቴ አርፋ ነው ከገበያ ቤት የምትገባው። መኪና ደግሞ ዋና ጠላቷ ነው። የናፍጣው ሽታ ገና ሳትሳፈር ያፍናታል። አንድ ጊዜ ለለቅሶ እስከ ወረኢሉ በጭነት መኪና ሄዳ፣ ሙት ሆና ነው ያወረዷት። ከዚያ ወዲህ “ሬሳዬም በመኪና እንዳይሄድ” ብላ ተናዘዘች። የምትሄደው ሁሉ በበቅሎ ነበር። ያቺ በቅሎ አርጅታ አርጅታ በክረምቱ ሞተችባት፤ እናቴም ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ በቀር የትም የማትሄድ ሰው ሆነች።

መስከረም እንዳለቀ አያ ሰይድ ከወግዲ መጡ። አያ ሰይድ የእናቴ ታናሽ እህት የአክስቴ የዘሀራ ባል ናቸው። አክስቴ እስላም አግብታ፣ ስሟንም ቀይራ ልጆቿን ሁሉ ወልዳ ጨርሳለች፤ እኛ አገር ይሄ ምንም አዲስ ነገር አይደለም። አያ ሰይድ የቀረበላቸውን ሳይነኩ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና፣

“ዘሀራ ዓይኗ እየከዳት ነው” አሉ። “ደህና ፀሐይ ካልሆነ ሰው አትለይም። ደሴ ወስጃት ነበር። ሐኪሙ፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም አለኝ። እሷም፣ ‘እታለም ትምጣልኝ፤ መልኳን ሳላየው አይጨልምብኝ’ ብላለች።”

እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አመሳቀለችና፣ “በእግሬ እሄዳለሁ” አለች። የመጀመሪያውን ዳገት እንደማታልፈው ሁላችንም እናውቃለን። እሷም ታውቃለች። አክስቴ እንዳትመጣ ደግሞ ከደጃፏ ርቃ መርገጥ ፈርታለች። በቅሎ እንዳንዋስ ወራቱ የአጨዳ ነው፤ ማን ከብቱን ይሰጣል?

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት የተቀመጥኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ያለኝ አንድ ሙያ ሳይክል መንዳት ነው። አንድ አስተማሪ ተዛውሮ ሲሄድ ትቶልኝ የሄደ ጥቁር ሳይክል ነበረኝ። የዛሬን አያድርገውና፣ ጉልበትም ነበረኝ። “እኔ አደርሳታለሁ” አልኩ። አባቴ አሻቅቦ አየኝና፣ “እናትህ እኮ ናት፣ ጤፍ አይደለችም” አለኝ።

እንግዲህ ያሬድ የሚጠይቀኝን ጥያቄ ሁሉ እኔም የጠየቅኩት በዚያ ሳምንት ነው። ገበያው ዳር ሳይክል የሚጠግኑት ጋሽ ይማም ሱቅ ገብቼ ከረምኩ። የኋላውን ጎማ ወፍራም አደረግነው። ካቴናው ከኋላ የሚዞርበትን ጥርስ በትልቅ ቀየርነው፤ ዳገት ላይ ይቀላል ብለን። ፍሬኑን ከፊትም ከኋላም አዲስ አስገባንለት። ዕቃ መጫኛውን በአሮጌ የሽቦ አልጋ ብረት አሳስረን አጠነከርን፤ በላዩ የሟቿን በቅሎ ኮርቻ ከነእርካቡ ጠፍረን አሰርን። ጋሽ ይማም እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ “አቦ፣ ስሠራ ኖሬ ሳይክል በቅሎ ሲሆን ያየሁት ዛሬ ነው” አሉኝ።

እናቴ ልታየው መጣች። ዞረችው። ጎማውን በአውራ ጣቷ ተጫነች፤ ኮርቻውን ነቀነቀች። ከዚያ ፈገግ እንኳ ሳትል፣ “ጥርሱንስ አይታችኋል?” አለች። ጋሽ ይማም ጎንበስ ብለው የካቴናውን ጥርስ አሳዩዋት። “ገና ወጣት ነው እመቤቴ” አሏት።

ቦርሳውን በተመለከተ እኔና እናቴ ተጣላን። እኔ ያኔ የተማሪ ሁሉ ምኞት የነበረ የሸራ ቦርሳ ነበረኝ፤ ጀርባዬ ላይ አንግቼው ልሄድ ነው ያሰብኩት። እሷ ግን፣ “ጭነት በሰው ጀርባ አይሄድም፤ ግራና ቀኝ ይንጠልጠል፣ ሚዛኑም እኩል ይሁን” ብላ ሁለት ስልቻ አወጣች። በአንደኛው በሶና ጭኮ፣ ለእህቷም ያስሸመነችው ነጠላ ገባ። በሌላው የእኔ መፍቻና መንፊያ፣ ለጎማው ትርፍ ከመነዳሪ፣ ጋቢ። በቀለለው ጎን ጭብጥ ጭብጥ በሶ እየጨመረች እስኪተካከል አስተካከለችው። ዛሬም ቢሆን ያሬድን የምመክረው ይኼንኑ ነው፤ አይሰማኝም እንጂ።

ጫማ ላይ ደግሞ እኔ ተሸነፍኩ። ሹል የቆዳ ጫማዬን አድርጌ ለሙከራ ስነሳ እግሬ ከፔዳሉ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቴን ላጠኝ። ጋሽ ይማም፣ “እሱ ለሰርግ ነው” ብለው ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ አስገዙኝ። ኮበሌ ነኝ፤ በረባሶ አድርጌ ከተማውን ማቋረጥ ሞት መስሎ ታየኝ። እናቴ ደግሞ ኮንጎ ጫማዋ ከእርካቡ እየሾለከ ስላስቸገራት የእኔን አሮጌ ሸራ ጫማ በካልሲ አደረገች። እንዲህ ሆነን ነው የወጣነው። ጎረቤታችን እትዬ ፋጤ እስከ መንገዱ ሸኙንና፣ “አብሽሩ፣ አላህ መንገዱን ያግራላችሁ” ብለው መረቁን። ሐሳባችን ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ወግዲ ገብተን፣ አክስቴ ደጃፏ ላይ በብርሃን እናቴን እንድታያት ነው።

ጥቅምት ነበር። ያ ብርድ፣ ያ ንፋስ። የገብሱ ነዶ ከየማሳው ሽታው ይመጣል። ሜዳው ላይ እየነዳሁ እናቴ ከኋላዬ ቀበቶዬን ይዛለች። ፊቷን አላይም፤ ትንፋሿን ብቻ ነው የምሰማው፤ ደህና ትንፋሽ ነበር። በግራ በኩል ገደሉ ሥር ጉሙ ተኝቷል፤ እኛ ከላዩ የምንሄድ ይመስል ነበር። ብዙ ጊዜ አሁንም ሊነጋጋ ሲል ያ መንገድ ይመጣብኛል፤ ሳይክሉም ድምፅ የለው፣ እናቴም ክብደት የላት።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ስንደርስ ግን፣ “አቁም” አለችኝ። አቆምኩ። ወረደች።

“ምን ሆንሽ?”

“ምን እሆናለሁ? ቁልቁለት እኮ ነው። በቅሎ ዳገት ይወጡባታል፣ ቁልቁለት ይወርዱላታል።”

“እናቴ፣ ይሄ ብረት ነው። እንዲያውም ቁልቁለት ላይ ነው የሚቀለው።”

“ብረት አይሰበርም ያለህ ማነው? ተሸክሞህ ቁልቁለት አይወርድም። ነውር ነው” ብላ ነጠላዋን ሰብስባ በእግሯ ቀስ እያለች ወረደች። ታች ስትደርስ፣ ዳገቱ ሲጀምር፣ ኮርቻው ላይ ተደላድላ ወጣች። እኔ በምን አንጀቴ ልንዳው? ወርጄ ገፋሁት። እንዲህ ሆነ መንገዱ። ሲቀል በእግር፣ ሲከብድ በሳይክል። ያን ሁሉ ጥርስ ቀይሬ፣ ያን ሁሉ ፍሬን አስገብቼ፣ የጠቀመኝ ያፈርኩበት በረባሶ ሆነ፤ ኮረቱን እየነከሰ ዳገቱን ሁሉ ያስገፋኝ እሱ ነው። አንድ ገበሬ ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየንና፣ “ወንድም ጋሼ፣ በቅሎው አንተ ነህ ሳይክሉ?” አለኝ። እናቴ ከላይ ሆና ትስቃለች።

ቀትር ላይ ደግሞ ባቄላ እሸት የሚለቅሙ ሰዎች አገኙን። “በሞቴ፣ ሳትቀምሱማ አታልፉም” አሉ። እሸቱን በገለባ ለብልበው ሰጡን፤ ጣቴ ጠቁሮ፣ ጣዕሙ ጭስ ጭስ የሚል ጣፋጭ ነበር። እናቴ ተቀመጠች። የማን ልጅ ናችሁ ተባባሉ፤ ሩቅ ዘመድ ተገኘ። እኔ ፀሐይዋን አያለሁ። “እንሂድ” እላለሁ። “አንተ ልጅ፣ የሰው እንጀራ ጥሎ አይሮጥም” ትለኛለች። ልቤ ተቃጠለ። የእህትሽ ዓይን እኮ ነው የሚጠብቀን ልላት ፈልጌ አልወጣልህ አለኝ።

የመጨረሻው ቁልቁለት ራስ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ተራራው ላይ አገጯን አሳርፋለች። የወግዲ ቆርቆሮ ከሩቅ ያብረቀርቃል። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ይወርዳል። እናቴ እንደ ልማዷ እግሯን ከእርካቡ አወጣች።

“እናቴ” አልኳት፣ “በእግር ከወረድን ይመሻል።”

ፀሐይዋን አየች። ከተማውን አየች። ቁልቁለቱንም አየች። እግሯን መልሳ እርካቡ ውስጥ ከተተች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች።

“ብሞትም ወደ እህቴ ስሄድ ነው። ልቀቀው” አለችኝ።

ለቀቅኩት። ፍሬኑን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ የተቃጠለ ጎማ እየሸተተኝ፣ ኮረቱ ከሥራችን እየተስፈነጠረ ወረድን። ስልቻዎቹ ግራና ቀኝ ጎናችንን ይደበድባሉ። ግማሽ ላይ ከኋላዬ የተቆራረጠ ድምፅ ሰማሁ፤ አስሟ ተነሳ ብዬ ላቆም ስል ገባኝ። እናቴ እየሳቀች ነው። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት ሰምቻት አላውቅም። ታች ስንደርስ ትንፋሿን ሰብስባ፣ “ሌላ ቁልቁለት የለም?” አለችኝ።

ለፀሐይዋ ግን አልደረስንም። የአያ ሰይድ ግቢ ስንገባ ፀሐይዋ ከገባች ቆይቷል። አክስቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ከቀትር ጀምራ እዚያው ነበረች አሉ። እህትማማቾቹ ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ። ከዚያ አክስቴ እናቴን በክንዷ ርቀት ያዘቻትና አተኩራ አየቻት።

“እታለም፣ አልታየሽኝም” አለች። “ነጠላሽ ነጭ ብሎ ነው የሚታየኝ። ነገ ፀሐይ ስትወጣ።”

ማታ አያ ሰይድ አንድ ዶሮ በሕይወቷ አምጥተው፣ “ያንተን ራስህ ባርክ” ብለው ሰጡኝ። በላን፣ ተጫወትን፤ እኔ ግን ያ ሁሉ ቁልቁለት በእግር መወረዱ አንገበገበኝ።

ሲነጋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጉም። ግቢው ውስጥ ላሟ እንኳ አትታይም። አክስቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ሰማይ ታዞራለች። “አልገለጠም?” ትላለች። “ገና ነው” እንላታለን። “ነገም እኮ ቀን ነው” አሉ አያ ሰይድ። “ነገን ማን ሰጠኝ?” አለች። እኔ ለሳይክሉ ያን ያህል የለፋሁ ሰው ለጉም ምንም የማደርገው ነገር እንደሌለኝ አውቄ ተቀመጥኩ።

ረፋዱ ላይ ጉሙ ከሥር እየተቀደደ ተነሳ። ፀሐይዋ በአንድ ጊዜ ግቢውን ሞላችው። አክስቴ ምንም ሳትናገር የእናቴን እጅ ይዛ ከገለባው ክምር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት። አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ ብርሃኑ መለሰችው። እሷ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች። ከግንባሯ ጀምራ ወደ ታች አየቻት፤ እንደገና ከታች ወደ ላይ። ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ የአንገቷን ንቅሳት፣ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻትን።

“አርጅተሻል እኮ” አለቻት።

“አንቺስ? ልጅ ሆነሽ ነው?”

“እኔን ተይኝ። ራሴን ካየሁ ቆየሁ፤ በእኔ ቤት ገና ነኝ።”

ሳቁ። ከዚያ እናቴ ዓይኗ ሞላና ልትነሳ ስትል አክስቴ በሁለት እጇ ተጫነቻት።

“ትንሽ ቆዪ፤ ገና አልጨረስኩም” አለች።

ያሬድ ቦርሳውንም ጫማውንም መርጦ ትናንት ወደ ደሴ ሄዷል። እኔ ግን ከእናቴ ጋር ቀረሁ። ከዚያ ጉዞ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች። ስትሞት ቀስ ብላ ነው የሞተችው፤ አስሙ እያፈናት፣ ፊቷ አብጦ፣ ሰው መለየት አቅቷት፣ ወራት ተኝታ። እኛ ልጆቿ የያዝነው መልክ እሱን ነው። ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ አልጋ ላይ ያለችው ናት። የቀድሞዋን ብፈልጋት ብፈልጋት አላገኛትም። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ከሞቷ ይልቅ ይሄ ነው የሚያሳዝነኝ።

አክስቴ ዘሀራ አለች፤ ዕድሜ ሰጥቷታል። ዓይኗ በቀጣዩ ክረምት ጨርሶ ጠፋ። እናቴ ስትታመም መጥታ ፊቷን ዳብሳታለች እንጂ አላየቻትም። ወግዲ በሄድኩ ቁጥር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነው የማገኛት። ጤናዬን፣ ልጆቼን፣ አዝመራውን ጠይቃኝ ስትጨርስ እጄን ጭኗ ላይ ታደርግና፣ “እናትህን ላሳይህ?” ትለኛለች።

“አሳዪኝ” እላትና ዓይኔን እጨፍናለሁ።