መስፍን የማያስታውሰው ጠዋት

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። በጸሎቴም «በደሌን ሁሉ» እያልሁ አልፌዋለሁ እንጂ በስሙ አልጠራሁትም።

ጁባ ውስጥ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ኃላፊ ነኝ። መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ የሚደረደርበት ከፍ ያለ የብረት መድረክ አለ። ፎርክሊፍቱ ዕቃውን ከታች አንሥቶ ጠርዙ ላይ ያሳርፋል፤ ላይ ያለው ሠራተኛ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ጠርዙን የሚዘጋው ሰንሰለት የሚፈታው ዕቃ ሲገባ ብቻ ነው፤ ወዲያው ይቆለፋል። የምህንድስና ምሩቅ ነኝና ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

የዚያን ዕለት ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ከድንበሯ ከተማ ከኒሙሌ የደረሱ የጭነት መኪኖች በሩ ላይ ተሰልፈው ነበር። መፍታትና መቆለፉ አዘገየን፤ ሰንሰለቱ ተፈትቶ እንዲቆይ አደረግሁ። በእጄ ፈታሁት ወይስ የፎርክሊፍቱን ሹፌር አዘዝሁት? አንዳንዴ መንጠቆው ጣቴ ላይ ይሰማኛል፤ አንዳንዴ የሹፌሩ እጅ ይታየኛል። ምን ልዩነት አለው? የወሰንሁት እኔ ነኝ። መድረኩ ላይ ለነበረው ለመስፍን አልነገርሁትም። ጀርባውን ለጠርዙ ሰጥቶ ካርቶን ሲያስተካክል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ሆስፒታል ስጠይቀው እግሩ በጄሶ፣ ራሱ በፋሻ ታስሮ ነበር። ያ ጠዋት ከአእምሮው ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ ሰንሰለቱን ማን ፈታው?»

«አንተው ፈትተኸው ረሳኸው» አልሁት።

«ሚስቴ ዝንጉ ስትለኝ እቆጣ ነበር» ብሎ ሳቀ።

የእኔን ትዝታ እጠራጠራለሁ፤ የእሱን ግን የሠራሁለት እኔ ነኝ። ሲድን በቤተ ክርስቲያናችን ለምስክርነት ወጣ። በገዛ ቸልተኝነቱ መውደቁን፣ ጌታ እንዳተረፈው፣ አለቃው እንዳልተለየው ተናገረ። ጉባኤው «ሃሌ ሉያ» አለ። እኔም አልሁ። የመጋዘኑ ባለቤት ዝንጉ ሰው አልፈልግም ብሎ ሥራውን ሲከለክለው ዝም አልሁ። ለአዲስ ሠራተኞች ደንቡን ሳስተምርም የምጠቅሰው የእሱን ስም ነው። ከዚህ የከፋ ምን አለ?

አንባቢ ሆይ፣ ይቅርታን ከአንተ አልጠይቅም። በጉባኤ ፊት መናዘዝም ይቀለኛል፤ «ሃሌ ሉያ» ይሉልኛልና። አስቀድሞ መስማት ያለበት መስፍን ነው። አሁን ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ፣ እያነከሰ፣ ካልሲና ቀበቶ ይሸጣል።

ትናንት ልነግረው ሄጄ ነበር። የራሱን በርጩማ ለቀቀልኝ።

«ይቀመጡ እንጂ ጋሼ። በዚያ እግርዎ እስከዚህ ድረስ?» አለ፤ አንካሳው እኔ እንደሆንሁ ሁሉ እየቀለደ።

ካልሲ ገዝቼ ተመለስሁ።